ደንቡን ያመጣው ጸሎቱ ነው ወይስ ጠላው?

ሰሞኑን በዶርምም ሆነ በካፌ ሰልፍ ላይ አንድ ክርክር እየሰማችሁ እንደሆነ አልጠራጠርም። ክርክሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እየዋለ እያደረ ጓደኛሞችን ማኳረፍ ስለጀመረ በየኮሪደሩ ከምናጉረመርም በጽሑፍ ቢወጣ ይሻላል ብዬ ብዕሬን አንስቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች አምና በጥቅምት ወር አንዲት የጸሎት ማኅበር ጀምረን ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከግቢው ውጭ ባለው ቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ሥር እንሰበሰብና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ከመዝሙረ ዳዊትም የቻልነውን ያህል እናደርሳለን። ከዚያ የታመመ፣ ሐዘን የደረሰበት፣ ፈተና የከበደው ካለ ስሙ ይጠራና አቡነ ዘበሰማያት ብለን እንለያያለን። አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። (ለምን ከግቢ ውጭ ለምትሉ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ስለሚል ነው፤ ዛፉም ከሌክቸር አዳራሹ ይልቅ ይመቻል።)

ስንጀምር 23 ነበርን። በመጀመሪያው ሴሚስተር የፋይናል ሰሞን አራት ቀረን። ፈተናው ሲያልፍ 15 ደረስን፣ በግንቦት እንደገና ወረድን። ዘንድሮ ታዲያ ከመካከላችን ጠንከር ያሉት ልጆች ውስጠ ደንብ አርቅቀው መጡ። በረቂቁ መሠረት እያንዳንዱ አባል በወር 20 ብር ያወጣል፣ ያለ ፈቃድ የቀረ 30 ብር ይቀጣል፣ ሦስት ጊዜ የቀረ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ወር በገባ በ21 ደግሞ ተረኛ የሆነ አባል ዳቦና ለስላሳ ያቀርባል። ረቂቁ የሚጀምረው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ተረት ነው፤ የትኛው ማኅበር ደንብ በሱ እንደማይጀምር እንጃ!

እኔ ይህን ደንብ እቃወማለሁ። «ሰነፍ ስለሆነ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፣ በግንቦት ከቀሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። ነገር ግን ተቃውሞዬ ከዚያ ይጠልቃል።

ከሌላ አካባቢ ለመጣችሁ አንባቢያን ስለ አገራችን ማኅበር ትንሽ ልበል። በእኛ በኩል፣ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሽሎ ቆላ ድረስ፣ ሰው ከሰው የሚተሳሰርባቸው ብዙ ገመዶች አሉ። እድር ለሞት ነው። ሰንበቴ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የሚደረግ ነው፤ ተራው የደረሰው እንጀራውንና ጠላውን አስይዞ ይመጣል፣ ካህናቱም ነዳያኑም ከዚያው ይቀምሳሉ። ማኅበር ግን በየቤቱ ይዞራል። አንድ ቅዱስ ወይም አንድ በዓል ይያዛል፤ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 29 በዓለ ወልድ፣ እንደየሰዉ ስእለትና ፍቅር። ሙሴ የሚባል መሪ ይኖራል፣ ካህንም አብሮ ይቀመጣል። ጸሎት ይደርሳል፣ ጠበል ጠዲቁ ይቀመሳል፣ የተጣላ ካለ ይታረቃል፣ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። ጽዋውን የተቀበለ ሰው ባለዕዳ ነው፤ ዕዳው ግን የሚጣፍጥ ዕዳ ነው ይባላል።

የሚጣፍጠው ታዲያ እህል ሲኖር ነው።

እናቴ በስማዳ ቆላው በኩል የአንድ የማርያም ማኅበር አባል ነበረች። የማኅበሩን ስም አልጠራም። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ድርቅ የተነሳ በአገራችን 10.2 ሚሊዮን ሰው የዕለት ደራሽ ዕርዳታ ይጠብቅ በነበረበት ዓመት ተራው እሷ ላይ ወደቀ። ያኔ ልጅ ብሆንም ነገሩን አስታውሳለሁ። ማኅበርተኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እናቴ «ዘንድሮ ብታልፉኝስ» ስትል እምቢ ያለ አልነበረም፤ እሺ ያለም አልነበረም። ሁሉም ዝም አለ። ዝምታው ነው የገደላት። ገብስ ተበደረች፣ ጌሾ ከጎረቤት ለመነች፣ እንጨቱን እኔና እህቴ ለቀምን፣ ሁለት ዶሮ ተሸጠ። ድግሱ አላሳፈረም። ማኅበሩ ከቤታችን ወጥቶ ሲሄድ ግን እናቴ ጋኑን እያጠበች «እመብርሃን ጠላ ጠይቃኝ አታውቅም» ያለችው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በሚቀጥለው ዓመት ከማኅበሩ ወጣሁ አላለችም፤ ዝም ብላ ቀረች። እነሱም ለምን ቀረሽ አላሏትም። ሞት ሲመጣ ይገናኛሉ፣ ሠርግ ሲሆን ይጠራራሉ፣ በ21 ግን እናቴ ብቻዋን ቤቷ ውስጥ ትጸልያለች።

ይህን ያነሳሁት አንባቢን ለማሳዘን አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ማኅበር የጎደለው ማን እንደሆነ ነው። በዚያ ዓመት ጸሎት ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋት የነበረችው ሴትዮ ናት የጎደለችው። ጠግበው ያደሩት ቀጠሉ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ታቅፈው የቆዩ ወረዳዎች እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። የሴፍቲኔቱ አሠራር እንኳ ጉልበት ያለውን በማኅበረሰብ ሥራ ያሰማራል፣ አቅም የሌለውን፣ አረጋዊውንና ደካማውን ደግሞ ያለ ሥራ በቀጥታ ይደግፋል። የመንግሥት ፕሮግራም «ሁሉም እኩል አይሸከምም» የሚለውን ካወቀ የእግዚአብሔር ማኅበር እንዴት አያውቀውም?

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ቅጣትና ስረዛ ለምን አስፈለገ ብለን ብንጠይቅ መልሱን ከእድር ማግኘት ይቻላል። እድር በሃያኛው ክፍለ ዘመን በተለይ በከተሞች የተስፋፋ ተቋም ነው ይባላል፤ ደንቡም ጠበቅ ያለ ነው። ጠበቅ ማለቱ ትክክል ነው። እኔ ወርኃዊ መዋጮዬን ሳልከፍል አባቴ ቢሞትና ድንኳኑ ቢተከልልኝ፣ የከፈሉት ሰዎች ገንዘብ ተበላ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከበዛ ድንኳኑም አይገዛም፣ እድሩም ይፈርሳል። ስለዚህ እድር ያለ ቅጣት አይቆምም። ድግስም እንደዚሁ ነው። አሥራ አንድ ቤት እየዞረ ጠጥቶ አሥራ ሁለተኛው ላይ ተራው ሲደርስ የጠፋ ሰው በልቶ ጠፋ ይባላል፣ ተገቢም ነው።

ጸሎት ላይ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። እኔ ሐሙስ ዕለት ቀርቼ እናንተ ስሜን ጠርታችሁ ብትጸልዩልኝ ከማንኛችሁ ላይ ምን ጎደለ? አንዲት እፍኝ ገብስ አልጎደለባችሁም። ጸሎት የሚበላበት ሰው የለም። እንግዲያው በማኅበር ውስጥ ያለው ግዴታ፣ ቅጣትና ተራ ከጸሎቱ የመጣ ሳይሆን ከጠላው የመጣ ነው ማለት ነው። በእኛ ረቂቅ ላይም አስተውሉ፤ ቅጣቱና ስረዛው የመጡት ከዳቦውና ከለስላሳው ጋር አብረው ነው። አምና ዳቦ ሳይኖር ደንብም አልነበረም።

በዚህ ላይ አንድ የእስቴ ልጅ፣ የመካነ ኢየሱስ ሰው፣ ክፉኛ ተከራክሮኛል። ክርክሩ ቀላል ስላልሆነ እዚህ ላስፍረው። «አንተ ድግሱን ናቅኸው፤ ግን ማኅበሩን ለዘመናት ያቆየው ድግሱ ነው። የአገሬ ሰው ለጸሎት ብቻ ተሰብሰብ ቢባል እቤቴ እጸልያለሁ ይላል። ነዳያንስ ከየት ይበላሉ? የሐዋርያት ሥራ ላይም እኮ አማኞች እንጀራ እየቆረሱ ነበር አብረው የኖሩት» አለኝ። ልክ ነው። እኔም አብሮ መብላትን አልጠላም፤ ማን ይጠላል! ያንኑ መጽሐፍ ትንሽ ገልጦ ምዕራፍ አምስትን ቢያነብ ግን ጴጥሮስ ሐናንያን የወቀሰው ሁሉን ስላልሰጠ እንዳልሆነ ያገኛል። መሬቱ ሳይሸጥ የራሱ ነበር፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በእጁ ነበር። ጥፋቱ ቀንሶ ሳለ ሁሉን ሰጠሁ ብሎ መዋሸቱ ነው። ስለዚህ በዚያ ጉባኤ ውስጥ እንኳ መስጠቱ በውድ ነበር። የእናቴ ድግስ ግን በውድ አልነበረም፤ ያላትን መስላ እንድትታይ የተገደደችበት ነበር። እንደ እኔ እንደ እኔ የሐናንያን ዓይነት ፈተና የሚፈጥረው እንዲህ ያለው ግዴታ ነው።

የሶሲዮሎጂ ኮርስ የወሰዳችሁ ዶናልድ ሌቪንን ታስታውሱ ይሆናል። በመንዝ ኖሮ ካጠና በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሰምና ወርቅ በተባለው መጽሐፉ አማራው ለግለኝነት ያደላል፣ ለጋራ ሥራ መደራጀቱ ደካማ ነው የሚል ሐሳብ አንስቷል። የደንቡ ደጋፊዎች ይህን አምጥተው «አየህ፣ ካልተገደድን አንሰበሰብም» ይሉኛል። እኔ ግን ሌቪን ግለኝነት ያለው ነገር ሲታይ ግማሹ ኩራት ይመስለኛል። የእኛ አገር ሰው ባዶ እጁን ከሚገባ ቢቀር ይመርጣል። ቅጣት ብትጥልበት አይመጣም፤ ሌላ የሚያፍርበት ምክንያት ነው የምትጨምርለት። ሁለት ጊዜ የቀረ ተማሪ 60 ብር ዕዳ ይዞ በሦስተኛው ሐሙስ ይመጣል ብላችሁ ታስባላችሁ? እኔ አላስብም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከቤተሰቡ ብር የማይደርሰው፣ ስልክ እንኳ የማይሠራለት ስንት ልጅ ከመካከላችን እንዳለ ደግሞ ታውቃላችሁ። 20 ብር ምን አላት የሚል ሰው የነን ካፌ ተማሪ መሆን አለበት።

ይሁን እንጂ ተቃራኒው ወገን ያለው አንድ ትልቅ እውነት አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ሁሉ በፈቃዱ ከሆነ ማኅበሩ ይሟሟል። አምና አራት ቀርተን የነበረው ሳምንት ላይ እኔ አልነበርኩም። የነበሩት አራቱ ልጆች፣ ከእነሱም አንዷ ከሰቆጣ የመጣች ናት፣ ዝናብ እየመታቸው ውዳሴ ማርያም ደግመው ሄዱ። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ጥር ላይ የምንመለስበት ቦታ አይኖርም ነበር። ሁላችንም እንደ እኔ ብንሆን ነገሩ ያኔ አብቅቶ ነበር። ስለዚህ ነፃነቱ ብቻውን አይበቃም። አንድ የማይነቃነቅ ነገር ያስፈልጋል።

ያ ነገር ምን እንደሆነ ሳስብ ራሷ ቤተ ክርስቲያን መልሱን ይዛዋለች። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። አምስቱ ከተሟሉ ምእመናኑ ሺህ ይሁኑ ሦስት አሮጊቶች፣ ቅዳሴው ይቀደሳል። አምስቱ ካልተሟሉ ግን ሺህ ሰው ቢሰበሰብም አይቀደስም። ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትቆጥረው አምስቱን ነው፤ ሕዝቡን በር ላይ ቆሞ ስም የሚጠራ የለም። ጾምን ያህል ነገር እንኳ ለታመመና ለአራስ ይፈቀዳል። ጥቂቶቹ ስለታሰሩ ብዙዎቹ ነፃ ሆኑ ማለት ይቻላል። የጥንቱ ሰው ይህን ስላወቀ ነው ለአገልጋዩ መሬት መድቦ ያኖረው፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ካህኑና ደብተራው ለአገልግሎቱ የተመደበለትን መሬት ይበላ ነበር፣ ግብሩም ጸሎት ነበር። ገበሬው ግን ማኅሌት ስላልቆመ አይቀጣም።

የራሳችንን አገር የአብነት ትምህርት ቤቶችም ተመልከቱ። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ድጓን ለማስመስከር ከየአገሩ የሚመጣባት። ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ቤት ነው፤ በትውፊት ቅዱስ ያሬድ ያስተማረበት ይባላል። በእነዚህ ቦታዎች የቆሎ ተማሪ ሲመጣ ሬጅስትራር አይጠብቀውም። አኩፋዳውን አንግቶ ይመጣል፣ ጎጆውን ይቀልሳል፣ ሲርበው ወደ መንደር ይወርዳል፣ ሲታመም አገሩ ይገባል፣ ከፈለገም ሌላ የኔታ ዘንድ ይሄዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቢመለስ «ሦስት ጊዜ ቀርተሃልና ተሰርዘሃል» የሚለው የለም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ ሁሉ ነፃነት የሚቻለው ግን የኔታ ከወንበራቸው ስለማይነሱ ነው። ተማሪው እንደ ወፍ ነው፤ ዛፉ ግን ቆሟል። እነዚህ ቤቶች በዚህ ልማድ ስንት መንግሥት አሳልፈዋል፤ የኛ ረቂቅ ደንብ ሁለት ሴሚስተር ያልፍ እንደሆነ እንጃ።

በውጭውም ዓለም ተመሳሳይ ነገር ያደረጉ አሉ። በስኮትላንድ ጆርጅ ማክሎይድ የተባለ ቄስ በ1938 እ.ኤ.አ. የመሠረተው የአዮና ማኅበር አባላት ተበታትነው በየሥራቸው የሚኖሩ ናቸው። የጋራ የጸሎት ሥርዓት አላቸው፤ ቃል ኪዳናቸውን የሚያድሱት ግን በየዓመቱ ነው። ዘንድሮ የማይችል ሰው በዓመቱ መጨረሻ ቢወጣ የከዳ አይባልም። የኛ ማኅበራት እዚህ ላይ ትንሽ ይከብዳሉ፤ አንዴ ጽዋ ያነሳህ እስክትሞት ነህ፣ ከሞትክም ልጅህ ይተካል። ውበት አለው፤ ነገር ግን መውጫ በር የሌለው ቤት ለመግባትም ያስፈራል።

ግትሩ ሲሰበር ልዝቡ ሲተርፍ በዓይናችን አይተናል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ድግሱ ሁሉ ቆመ። ያኔ በእኛ መንደር አንዳንዶቹ ማኅበራት «ሲያልፍ እንገናኝ» ብለው ተበተኑ። የነፋስ መውጫ ልጅ የሆነው የዶርሜ ጓደኛ ደግሞ የነገረኝ አለ። በነሐሴ 2013 የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን በያዙ ጊዜ የአያቱ ማኅበርተኞች ግማሹ ወደ ደብረ ታቦር፣ ግማሹ ወደ ገጠር ተበትነው ነበር። ሙሴው ሽማግሌ ግን ከመለያየታቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ ቀኑ ሲደርስ እያንዳንዱ ባለበት ሆኖ የሁሉንም ስም እየጠራ አቡነ ዘበሰማያት እንዲል። አያቱም በሰው ቤት ደጅ ተቀምጠው በጣታቸው እየቆጠሩ የአሥራ አራቱንም ስም ሲጠሩ አይቷል። ጠላ የለ፣ ዳቦ የለ፣ ጽዋውም የት እንደወደቀ አይታወቅ። ማኅበሩ ግን አልቀረም። ይህን ሲነግረኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷንም እንዲሁ በስም የሚጠራት አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ነበርኩ አትልም ነበር።

ስለዚህ በመጪው ሐሙስ ረቂቁ ለውይይት ሲቀርብ እኔ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ቅጣቱ ይቅር። ስረዛው ይቅር። መዋጮ ማዋጣት የፈለገ ማንም ሳያየው በሳጥን ይክተት፣ ምን ያህል እንደከተተም አይመዝገብ፤ ዳቦ ማምጣት የፈለገ ያምጣ፣ ተራ ግን አይውጣ። በዚህ ምትክ ሰዓቱና ቦታው ከቶ አይቀየሩ፤ በፋይናል ሳምንትም፣ በዝናብም ቢሆን። ይህን ለመጠበቅ በየሴሚስተሩ በገዛ ፈቃዳቸው «እኛ አንቀርም» የሚሉ አምስት ልጆች ይውጡ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይለቀቁና ሌሎች ይተኩ፤ የደከመውም ያርፋል። አምስት ካልተገኘ ማኅበሩ ይቅር፤ በ30 ብር ቅጣት ሊድንም አይችልም። የሌላው ሁሉ ግዴታ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሲመጣ በሰዓቱ ይምጣ። ያልመጣ ሰው ስሙ ይጠራል፣ ይጸለይለታል፣ ሲመለስም «የት ጠፋህ» በሚል ነገር አይወጋ። ስንቶቻችን ነን ያንን አንድ ጥያቄ ፈርተን ሳምንቱን ወደ ወር ያራዘምነው?

አንዳንድ መምህራኖቻችን ይህ የተማሪ ጨዋታ ነው ሊሉ ይችላሉ። ይሁን። ብቻ ነገ ተመርቀን ወደ ወገዳ፣ ወደ አርብ ገበያና ወደ መካነ ኢየሱስ ስንመለስ በየመንደሩ ማኅበር ውስጥ የምንቀመጠው እኛው ነን፤ ተራዋ ደርሶ ገብስ ያጣች ሴት «ብታልፉኝስ» ስትል ዝም የምንለው ወይም «እሺ እማማ» የምንለውም እኛው ነን። እዚህ 30 ብር መቅጣት ከለመድን እዚያ ምን እንደምንል ይገባኛል።

ከአምስቱ አንዱ ለመሆን ለዚህ ሴሚስተር ስሜን አስመዝግቤአለሁ። ከሰቆጣ የመጣችው እህታችንም ተመዝግባለች። ሦስት ይቀራል። የአምናውን የ23ቱን ስም ዝርዝር፣ ከዚያ ወዲህ ያልመጡትንም ጨምሮ፣ ሐሙስ ይዤ እመጣለሁ።